አጥቂ በምን ይመዘናል?

ፈይሳ ሌሊሳ «ተጋኗል» ብሎ የሚከራከር ሰው በአምቦም ሆነ በጊንጪ አላጋጠመኝም። የጀልዱ ልጅ ነው፤ በነሐሴ 2008 ዓ.ም. ሪዮ ላይ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ከ54 ሰከንድ ጨርሶ፣ ከኪፕቾጌ በ70 ሰከንድ ዘግይቶ ሁለተኛ ወጣ። እጆቹን አጣምሮ ስለ መግባቱ ብዙ ሊባል ይችላል፣ ብዙም ተብሏል። ስለ ሩጫው ግን ሰዓቱ የሚለውን ብሎ ጨርሷል። እዚያው አምቦ፣ አንዱ ዲኤስቲቪ ቤት ገብታችሁ የብሔራዊ ቡድኑን አጥቂ ስም ብታነሡ ግን፣ የተከፈተው አምቦ ውሃ ጋዙ ወጥቶ ያልቃል እንጂ ክርክሩ አያልቅም። አንዱ «በስሙ ነው የሚጫወተው» ይላል፣ ሌላው «ሚዲያ የነፋው ነው» ይላል፤ ግማሹ በኦሮምኛ፣ ግማሹ በአማርኛ። ጥግ የተቀመጡት አዛውንት «መንግሥቱ ወርቁን ሳታዩ ስለ አጥቂ ታወራላችሁ!» ሲሉ፣ አንዱ ጎረምሳ ቀበል አድርጎ «ጋሼ፣ እርስዎስ የት አይተውት?» ይላቸዋል።

የጎረምሳው ጥያቄ ከመሰለው በላይ ጥልቅ ነው፤ እመለስበታለሁ። በፊት ግን ክሱን ራሱን እንየው። አንድ ተጫዋች ተጋኗል የሚል ሰው ሁለት ነገሮች አሉ ብሎ ያምናል፦ ሌሎች የሰጡት ግምት፣ እና ተጫዋቹ በእርግጥ የሚያወጣው ዋጋ። ሁለተኛውን እሱ ያውቀዋል፤ ሌላው ሕዝብ ስቶታል። ስለዚህ ክሱ ላይ ላዩን በአጥቂው ላይ ይቀርባል እንጂ በውስጡ የሚከሰሰው ያጨበጨበው ሰው ነው። ለዚህም ይመስለኛል እንዲህ የሚያናድደው። ጎረቤቴ አጥቂውን ሲያጣጥል የኔን ዓይን ነው የሚያጣጥለው።

በክለብ ደረጃ ይህ ክስ ቢያንስ የሚጨበጥ ነገር አለው። አርሰናል ወይም ማንቸስተር ዩናይትድ አጥቂ ሲገዛ የተከፈለው ገንዘብ ይታወቃል፤ «ይህን ያህል አያወጣም» ብሎ መከራከር ይቻላል። ለብሔራዊ ቡድናችን ለዋልያዎቹ ግን ማንም ተጫዋች አይገዛም። የተከፈለው የሕዝብ ተስፋ ነው፤ ተስፋ ደግሞ ደረሰኝ የለውም። ስንት እንደከፈልን ሳናውቅ ነው ተበልተናል የምንለው።

አቡበከር ናስርን እንውሰድ። በ2013 የውድድር ዘመን ለኢትዮጵያ ቡና 29 ጎል አገባ፤ ጌታነህ ከበደ በ2009 ለደደቢት ተጫውቶ የያዘውን የ25 ጎል ክብረ ወሰን ሰበረ። የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ በዲኤስቲቪ መታየት የጀመረው በዚያው ዓመት ስለነበር፣ የአምቦና የጉደር ተመልካች ልጁን በወሬ ሳይሆን በዓይኑ አየው። (እሱ 29 ጎል ቢያገባም ዋንጫውን ፋሲል ከነማ ወሰደ፤ ይህን የሚያስታውስ ተከራካሪ ጥቂት ነው።) በጥር 2014 ካሜሩን ላይ በተካሄደው የአፍሪካ ዋንጫ ኢትዮጵያ በሦስት ጨዋታ ሁለት ጎል ብቻ አገባች፤ አንዱን ዳዋ ሆቴሳ በካሜሩን ላይ፣ ሌላውን ጌታነህ በቡርኪናፋሶ ላይ በፍጹም ቅጣት ምት። የአቡበከር ስም ከጎል አግቢዎቹ መካከል አልነበረም። ከሳሾቹም ይህችን ያዙ፦ 29 እዚህ፣ ዜሮ እዚያ።

ሒሳቡ ግን የሚያስቀረው ነገር አለ። በመጀመሪያው ጨዋታ ከኬፕ ቬርዴ ጋር ያሬድ ባየህ ገና በ12ኛው ደቂቃ በቀይ ካርድ ወጣ። ቡድኑ ከዚያ በኋላ በአሥር ሰው ሲከላከል ዋለ። ኳስ የማይደርሰው አጥቂ ምን ያህል ጎበዝ እንደሆነ በምን እናውቃለን? ተከላካዩ ኳስ ይነጥቃል፣ አማካዩ ያሻግራል፣ ተመላላሹ ያመቻቻል፤ መዝገብ ላይ የሚሰፍረው የመጨረሻው እግር ብቻ ነው። ጎል የአሥር ሰው ሥራ በአንድ ሰው ስም የሚጻፍበት ነገር ነው። 29ኙ ጎል የአቡበከር ብቻ ነው ያለ ሰው አጋኗል። ካሜሩን ላይ የታየው ዜሮ የአቡበከር ብቻ ነው የሚለውም እንዲሁ አጋኗል፤ ስሕተቱ አንድ ዓይነት ነው። እኔን የሚገርመኝ ይህ ነው፦ አወዳሹና አጣጣዩ ጠረጴዛ እየደበደቡ የሚጣሉት በአንድ የተበላሸ ሚዛን እየመዘኑ ነው። አንዱ ከሌላው የሚለየው በመዘነበት ቀን ብቻ ነው።

አንድ ብልህ ተከራካሪ እዚህ ላይ ያስቆመኛል። «እንዲህ ከሆነ መጥፎ አጥቂ የሚባል ነገር የለም ማለት ነው፤ ሁሉም አቀባይ ያጣ ጎበዝ ነው!» ይለኛል። እውነት አለው። ልዩነት አለ፣ ይታያልም፤ ከተከላካዩ ጀርባ መሮጥ የሚያውቅና ቆሞ የሚጠብቅ አጥቂ አንድ አይደሉም፣ ጎል ባያገቡም። ሁሉንም አጥቂ እኩል የሚያደርግ ቅጽበትም አለ፤ ፍጹም ቅጣት ምት። አቀባይ የለም፣ አማካይ የለም፣ ኳሷ በ11 ሜትር ላይ ቆማለች።

ታዲያ ይህን ንጹሕ ፈተና እስቲ እንየው። ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሳ፣ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የወቅቱን ሻምፒዮን ዛምቢያን ገጠመች። ገና ያለ ጎል ሳሉ ፍጹም ቅጣት ምት ተገኘና ሳላዲን ሰኢድ መታው፤ ኬኔዲ ምዊኔ አዳነው። ያን ማታ ሳላዲን ተጋኗል ያላለ ጥቂት ነው። ነገር ግን ከሦስት ወር በፊት ሱዳን ሜዳዋ ላይ 5 ለ 3 አሸንፋን ስትመጣ፣ አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 0 ረትተን ወደዚያ ውድድር የገባነው አዳነ ግርማና እሱ ባገቡት ጎል ነበር። ዛምቢያ ላይም ግብ ጠባቂው ጀማል ጣሰው በቀይ ወጥቶ በአሥር ሰው ቀርተን፣ አዳነ አቻ አድርጎ 1 ለ 1 ጨረስን። የአዳነ ጎል ባይኖር የሳላዲን ስሕተት ስንት እጥፍ ይከብድ ነበር? ምቱ ያው ምት ነው፤ ክብደቱን የወሰነው ከእሱ በኋላ ሌላ ሰው የሠራው ሥራ ነው። ንጹሕ ነው ያልነው ፈተና እንኳ ዋጋውን የሚያገኘው ከቡድኑ ሆነ። ደግሞም አንድ ምት ስለ አንድ ሰው ምን ያህል ይናገራል? ማራቶን 42 ኪሎ ሜትር ሰውየውን ይመረምራል። ብሔራዊ ቡድን በዓመት ጥቂት ቀን ብቻ ይገናኛል፤ ፍርዳችን ግን እንደ ማራቶን ፍርድ የጸና ነው።

አሁን ወደ አዛውንቱ ልመለስ። መንግሥቱ ወርቁ በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ዋንጫውን ስንወስድ ሦስት ጎል አግብቶ ከግብፁ ባዳዊ ጋር የውድድሩ ኮከብ ግብ አግቢ ሆነ፤ በፍጻሜው ጭማሪ ሰዓት አራተኛዋን ያገባው እሱ ነው። (ያም ቀን ጥር 13 ነበር፤ ካላንደሩ ይቀልዳል።) ጎረምሳው ታሪክ ቢያገላብጥ ኖሮ የሚመታበት ዱላ ነበረው፦ በዚያ ውድድር የተሳተፉት አራት ቡድኖች ብቻ ናቸው፤ ኢትዮጵያ የተጫወተችው ሁለት ጨዋታ ነው፣ ያውም በሜዳዋ። በዛሬ ተከራካሪ ሚዛን ይህ ከ29 ጎል ይቀላል። እርግጥ መንግሥቱ በተከታዮቹ ዋንጫዎችም ጨምሮ በአፍሪካ ዋንጫ ብቻ አሥር ጎል አለው፤ ከዚያ በኋላ ማንም ኢትዮጵያዊ አልደረሰበትም። ትልቅ አጥቂ ነበር። ግን አዛውንቱ የሚያከብሩት በዚህ ቁጥር አይመስለኝም። የሳተውን ኳስ ስላላዩበት ነው። በስልክ ተቆርጦ የሚዞር የመንግሥቱ ስሕተት የለም፤ የአቡበከርና የሳላዲን ግን ሞልቷል።

አለመታየት ስምን እንዲህ ይጠብቃል። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዋልያዎቹ የአገር ውስጥ ሜዳ በካፍ ተከልክሎባቸው ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ላይ ግብፅን 2 ለ 0 ሲረቱ፣ ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ ሁለቱንም በመጀመሪያው አጋማሽ አገቡ። ደስታው ገና ሳይበርድ አንዱ «ሳላህ እኮ የለም!» አለ፤ ጉዳት ላይ ነበርና እውነት ነው። በዚያች ዓረፍተ ነገር ሜዳ ላይ የነበሩት የእኛ አጥቂዎች ድል አነሰ፣ ሜዳ ላይ ያልነበረው ሳላህ ደግሞ አንድም ኳስ ሳይነካ ተለቀ። ዳዋ ጎሉን ለማግባት መሮጥ፣ መጋጨት፣ ሊስት በሚችልበት ቦታ መገኘት ነበረበት፤ ሳላህን ያተለቀው ግን ከሜዳ መቅረቱ ብቻ ነው።