በሁለት ሕንፃዎች መካከል

አውቶቡሱ ካራቆሬ ላይ ሲያርፍ ወርጄ ሻይ የመጠጣት ልማድ አለኝ። መንገዱ ከጣርማበር ብርድ እየተጠማዘዘ ወደ ደብረ ሲና ይወርዳል፤ ሸዋሮቢት ላይ ሙቀቱ ይቀበላል፤ ከዚያ ግራና ቀኝ ማሽላውን እያሳየ በአጣዬ አልፎ እዚህ ያደርሳል። ስንት ጊዜ ተመላልሼበታለሁ! ይህ መንገድ የአንድ ሰው እጅ ባቆማቸው ሁለት ሕንፃዎች መካከል የተዘረጋ መሆኑ ግን በቅርቡ ነው የታየኝ። በስተደቡብ በ1990 ዓ.ም. የተከፈተው የአዲስ አበባው ሸራተን አዲስ ሆቴል አለ። በስተሰሜን ደግሞ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው፣ ሃያ አምስት ሺህ ያህል ሰው የሚይዘው የወልድያ ስታዲየም። ሁለቱንም ያሠሩት ሼህ ሙሐመድ ሁሴን አሊ አል አሙዲ ናቸው።

አባታቸው የሐድረሞት ሰው፣ እናታቸው ኢትዮጵያዊት ናቸው። ወሎ ያሳደጋቸው ሼሁ በወጣትነታቸው ባሕር ተሻግረው ሳዑዲ ገቡ። የገንዘባቸው መነሻ ቤትና ግንባታ ነበር፤ ትልቁ በር የተከፈተላቸው ደግሞ የሳዑዲን የነዳጅ ክምችት ከመሬት በታች የሚያኖረውን ግዙፍ ግንባታ ሲወስዱ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን አገር ያውቀዋል፦ ኩባንያቸው ሚድሮክ፣ የወርቅ ማዕድኑ፣ ሆቴሉ፣ ለህዳሴ ግድብ ቃል የገቡት 1.5 ቢሊዮን ብር። የታመመ አርቲስት ለሕክምና ውጭ አገር ሲሄድ ወጪው በማን እንደተሸፈነ ጠይቆ የሚያውቅ ሁሉ ስማቸውን ሰምቷል።

ሻዬን ይዤ የማስበው ስለ ገንዘቡ ብዛት አይደለም። ጥቅምት 25 ቀን 2010 ሪያድ ውስጥ ከብዙ ልዑላንና ባለሀብቶች ጋር ተያዙ፤ የተፈቱት ጥር 19 ቀን 2011 ነው። ከአንድ ዓመት በላይ መሆኑ ነው። ያኔ በየሻይ ቤቱ የሰማሁት ጭንቀት እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። ሰዉ ለእሳቸው አዘነ፤ ብዙዎች ጸለዩ፣ ዱዓ አደረጉ። ከሐዘኑ ስር ግን ሌላ ጥያቄ ነበር፦ አሁንስ ማን ይሰጣል? በተያዙበት ዓመት ጠቅላይ ሚኒስትሩ ወደ ሳዑዲ ሄደው እንዲፈቱ ሲጠይቁ፣ ስንት ቤት ዓይኑን በአንድ ሰው እጅ ላይ ጥሎ እንደኖረ ተገለጠልኝ። ያስፈራኛል። በሰጪው አልፈርድም፤ እጁን ዘርግቶ የሰጠን ሰው እንዴት እወቅሳለሁ? ግን በአንድ እጅ ላይ የተንጠለጠለ ደግነት፣ ያ እጅ ሲታሰር አብሮ ይታሰራል። አዲስ አበባ ውስጥ በስማቸው ታጥረው ለዓመታት ሳይገነቡ የኖሩት ቦታዎችም ይህንኑ ያሳስቡኛል። ሕልሙ የአንድ ሰው ስለሆነ፣ ሰውየው እስኪደርስለት መሬቱ ባዶውን ሲጠብቅ ኖረ።

ካራቆሬ ያለችበት ይፋት በአንድ እጅ ላይ ላልተንጠለጠለ ስጦታ የቆየ ቃል አለው፤ ወቅፍ ይባላል። ባለቤቱ ንብረቱን ለአላህ ብሎ ከእጁ ያወጣዋል፤ ከዚያ ወዲያ አይሸጥም፣ አይወረስም፣ መልሶም የእሱ አይሆንም። ሰጥቶ ራሱን ከስጦታው ማውጣት ማለት ነው። ለወልድያ ሕዝብ የተሰጠው ስታዲየም ወደዚህ ይጠጋል ብዬ አስባለሁ፤ ሰጪው ሪያድ ታስረው ሳሉም ሣሩ ላይ ኳስ መንከባለሉ አልቀረም። ሸራተን ግን፣ ምንም ያህል ቢያምር፣ አሁንም የባለቤቱ ነው።

ደግሞ ካራቆሬ ላይ ተቀምጦ ስለ ሕንፃ ማሰብ ቀላል አይደለም። በ1953 ዓ.ም. ግንቦትና ሰኔ ላይ ይህች ምድር ደጋግማ ተንቀጠቀጠች። ጎረቤት ማጀቴ እንዳለች ፈረሰች፤ ካራቆሬም ከቤቶቿ ግማሽ ሊሆን ጥቂት የቀረውን አጣች። ስምጥ ሸለቆው እዚህ ከደጋው ግርጌ ጋር ይዋሰናል፤ መሬቱ ቀስ እያለ ይላቀቃልና አንዳንድ ጊዜ ይናጣል። ከስልሳ ዓመት በኋላ፣ በ2013 መጋቢትና ሚያዝያ፣ አጣዬ በጥቃት ስትቃጠል ካራቆሬም አልተረፈችም። ያኛውን ምድር አመጣው፤ ይህኛውን ሰው። ከሁለቱም በኋላ ግን ቤት ተመልሶ ቆመ። ጭቃ ተረገጠ፣ ጭድ ተደባለቀ፣ እንጨቱን አንዱ ያዘ፣ ቆርቆሮውን ሌላው መታ። የሠሪዎቹን ስም የጻፈ ድንጋይ የለም።

ከሸዋሮቢት በላይም፣ የአርጎባ ሕዝብ በሚኖርበት ተረተር ላይ፣ የሠሪው ስም ያልቀረለት ሥራ አለ፦ ኖራ የምትባል የጥንት ከተማ ፍርስራሽ። ከ1285 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የወላስማ ሱልጣኖች ይፋትን ሲገዙ፣ ከዘይላ ወደብ ወደ መሃል አገር የሚወጣው ሸቀጥ በእነሱ ምድር ያልፍ ነበር። በዚያ ዘመን ነጋዴው ሀብታም ነበር፤ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ያለ ሲሚንቶ እየደረደረ ከተማ አቆመ፣ መስጊድም አሠራ። ወጪውን የቻለው ነጋዴ ስሙ ማን እንደሆነ ዛሬ የሚነግረን የለም። ቤቶቹ ወድቀው ቁጥቋጦ በቅሎባቸዋል። የመስጊዱ ግድግዳ ግን ቆሟል።

ሹፌሩ ጥሩንባ ነፋ። ከሻይ ቤቱ ጎን ሁለት ወጣቶች አዲስ ግድግዳ ይመርጋሉ፤ አንዲት እናት በባልዲ ውኃ ታቀብላቸዋለች። ጭቃው ገና እርጥብ ነው። አንደኛው እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና "እንደርስበታለን፣ ከዝናቡ በፊት እንጨርሳለን" አላት። እኔ ብርጭቆዬን አስቀምጬ ወደ አውቶቡሱ ሮጥኩ።