«ግልጽ» ለማን?

ባለፈው ጥር፥ አዲሱ ገበያ ካለው ወፍጮ ቤት ወረፋ ይዘን ሳለ እናቴ ከከረጢቱ አንድ እፍኝ ጤፍ ዘገነችና ሸተት አደረገችው። «ይሄ ገና አዲስ ነው፤ ይክረም። አሁን ቢፈጭ እንጀራው ይልፈሰፈሳል» አለችኝ። ከረጢቱን ተሸክሜ መለስኩት። (ሃምሳ ኪሎ መሆኑን አንባቢ ይወቅልኝ።)

ከዚያ በኋላ ነው ስለ ጤፉ ፓተንት ያነበብኩት። አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ በ1997 ዓ.ም. ከእኛው የብዝሀ ሕይወት ጥበቃ ኢንስቲትዩት ጋር በጤፍ ላይ ውል ተፈራረመ፤ በ1999 ዓ.ም. ደግሞ የአውሮፓ ፓተንት ቢሮ በጤፍ ዱቄት ላይ የባለቤትነት መብት ሰጠው። የነገሩ እምብርት ይኸው ነው፦ እህሉ ከታጨደ በኋላ ጥቂት ሳምንታት ይቆይ፤ ፎሊንግ ነምበር የሚባለው የዱቄት መለኪያ ቢያንስ 250 ሲሞላ ይፈጭ። ኩባንያው በ2001 ዓ.ም. ከሰረ፤ ፓተንቱ ግን በሌላ ኩባንያ እጅ ኖረ። ኅዳር 12 ቀን 2011 ዓ.ም. የሔግ ፍርድ ቤት «የፈጠራ ብቃት የለውም» ብሎ ኔዘርላንድ ውስጥ ውድቅ አደረገው።

በሕጉ መሠረት አንድ ነገር በሙያው ለሠለጠነ ሰው ግልጽ ከሆነ ፈጠራ አይባልም። ይህ ሰው ማን ነው? ሕጉ ስም አልሰጠውም። እኔ ግን አውቃታለሁ፤ ነጠላዋን አደግድጋ ወፍጮ ቤት ወረፋ ትይዛለች።

ይሁንና ራሴን ማታለል አልፈልግም። እንቆቅልሽም ቢሆን አገር ሰጥተው መልሱን ከሰሙ ወዲያ ቀላል ነው። እናቴን «ስንት ሳምንት ይክረም?» ብላት «እጄ ያውቀዋል» ነው ያለችኝ። 250 የሚባል ነገር አታውቅም። የለካው ሰው አንድ ነገር ጨምሯል፤ አልክድም። ታዲያ የታወቀን ነገር የለካ፥ የመለኪያው ሳይሆን የነገሩ ባለቤት ይሆናል? እኔ አይመስለኝም።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። ፍርዱ በየካቲት 2011 ዓ.ም. አገር ቤት ሲሰማ የእኛ ድል ተብሎ ደስ አለን። ነገር ግን ሔግ ላይ የተሟገቱት እዚያው አገር ያሉ ሁለት ኩባንያዎች ነበሩ፤ እኛ ተከራካሪ አልነበርንም። «ዕውቀታችን ስላልተጻፈ ነው» እንዳንል ደግሞ፥ በአውሮፓው ሕግ በቃል የተነገረና በሥራ የታየም ዕውቀት ይቆጠራል። የሚመሰክር ብቻ ይፈልጋል።

እናቴን «ሔግ ሄደሽ ትመሰክሪ ነበር?» ብዬ ጠየቅኋት። «ወረፋዬን ማን ይይዝልኛል?» ብላ ሳቀች።