የተማሪ መደብ፦ ከዘር እስከ ዘር

የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ስለ ተፈጥሮ በመጽሐፍ ያነበበውን በእጁ ነክቶ የሚያረጋግጥበት ቅርብ ቦታ የአትክልት መደብ ነው። ለጀማሪ ሰፊ መሬት አያስፈልገውም፤ ወርዱ አንድ ሜትር፣ ርዝመቱ ሁለት ወይም ሦስት ሜትር የሆነ መደብ ይበቃዋል። ወርዱ ከዚህ እንዳያልፍ የሚመከረው አፈሩን ሳይረግጡ ከግራም ከቀኝም እጅ እንዲደርስበት ነው። የተረገጠ አፈር ይጠጥራል፤ ውሃና አየር አያሳልፍም። ትንሹን መደብ ከዘር እስከ ዘር መከታተል ሰፊውን ጀምሮ ለአረም ከመተው ይሻላል።

የመጀመሪያው ተግባር አፈርን ማወቅ ነው። አፉ ሰፊ የሆነ የብርጭቆ ዕቃ እስከ ሲሶው አፈር፣ የቀረው ውሃ ይሞላና ተከድኖ በደንብ ይናጣል፤ ከዚያ ሳይነካ ይቀመጣል። አሸዋው በደቂቃዎች ውስጥ ይዘቅጣል፤ ደለሉ በሰዓታት ይከተላል፤ ሸክላው ግን አንድ ቀንና ከዚያም በላይ ውሃውን እንዳደፈረሰ ይቆያል። መረሬ አፈር ሸክላ ስለሚበዛበት ሲርስ ይጣበቃል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በእንዲህ ያለ ቦታ መደቡን ከፍ አድርጎ መሥራት ውሃ እንዳይተኛበት ያደርጋል። አሸዋማው አፈር ውሃ ቶሎ ስለሚያሾልክ ብስባሽ ይጨመርበታል።

ሁለተኛው ተግባር ዘር ሲበቅል ማየት ነው። ጥቂት ባቄላ ሌሊቱን በውሃ ይዘፈዘፍና በብርጭቆ ግድግዳና በእርጥብ ጥጥ መካከል አንዱ ቀጥ ብሎ፣ አንዱ ተገልብጦ፣ አንዱ ተጋድሞ ይቀመጣል። እንዴትም ቢቀመጥ ሥሩ ወደ ታች፣ ቡቃያው ወደ ላይ ይታጠፋል፤ ተክል የመሬትን ስበት ይለያልና። ቡቃያዎቹ ወደ መደቡ ተዛውረው ሲያብቡ አንዱን በጥንቃቄ መንቀል ደግሞ ሌላ ትምህርት ይሰጣል። በሥሩ ላይ ትንንሽ እብጠቶች ይታያሉ፤ ሲሰነጠቁ ውስጣቸው ወደ ቀይ ካደላ፣ የአየሩን ናይትሮጅን ለተክሉ ምግብ የሚያደርጉ ባክቴሪያዎች በሥራ ላይ ናቸው። ገበሬው ባቄላ በነበረበት ማሳ ላይ በቀጣዩ ዓመት ስንዴ ወይም ገብስ የሚዘራበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

የኢትዮጵያ ተማሪ አንድ ችግር አለበት፦ ዋናው ዝናብ የሚዘንበው ትምህርት ቤት ሲዘጋ ነው። ስለዚህ በመስከረም የሚጀመረው ሥራ ፈጥኖ በሚደርስ አትክልትና በማጠጣት ላይ ይመሠረታል። ሰላጣ ሁለት ወር ገደማ ይበቃዋል። የሐበሻ ጎመን በችግኝ መደብ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ከቆየ በኋላ በ40 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቀት ይተከላል፤ ከታች ያለው ቅጠል እየተለቀመ መሃሉ ይተዋል። ካሮት ግን መዛወር ስለማይወድ በቦታው ይዘራል። ለማጠጣት ጠዋት ወይም ፀሐይ የበረደችበት ሰዓት ይመረጣል። ማጠጣት የሚያስፈልገው ጣት ወደ አፈሩ ሲገባ እርጥበት ካላገኘ ነው፤ ላዩ ስለደረቀ ብቻ ማጠጣት ሥሩን ሊያበሰብስ ይችላል።

መደብ የተክል ብቻ ቤት አይደለም። ዱባ ወንዴና ሴቴ አበባ ለየብቻ ያወጣል፤ ሴቴዋ ከሥሯ ባለች ትንሽ ዱባ ትታወቃለች። አንዷ ሴቴ ሳትከፈት በስስ ጨርቅ ተሸፍና እስክትጠወልግ ብትቆይ፣ ንብ ስላልደረሰባት ፍሬዋ ጠውልጎ ይረግፋል፤ ንብ የጎበኘቻቸው ግን ያፈራሉ። ይህን ያየ ልጅ ንብን እንደ ጠላት አያይም። ክሽክሽ ጎመኑን ሲወርም ወደ መርዝ መሮጥ አይገባም፤ መርዝ የልጅ እጅ ሊነካው የማይገባ ነገር ነው። በቀይ ጀርባዋ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያለባት ትንሽ ጥንዚዛ ክሽክሽን ትበላለች፤ የቀረውን በእጅ ማሸትና በውሃ ማጠብ ይቻላል።

ከዚህ ሁሉ ጋር ደብተር አይለይም። የተዘራበት ቀን፣ የበቀለበት፣ የዘነበበት፣ የጠወለገው ሁሉ ይጻፋል። ያልበቀለ ዘርም እኩል ይመዘገባል፤ ምክንያቱን የሚፈልግ ተማሪ ከበቀለው የማያንስ ትምህርት ያገኝበታልና።

የመጨረሻው ተግባር ዘር ማስቀረት ነው። አንድ ሁለት ጠንካራ የጎመን ተክል ሳይለቀም እንዲያብብ ይተዋል፤ ቆባው ሲደርቅ ዘሩ ተፈልፍሎ በወረቀት ይጠቀለልና ስሙና ቀኑ ተጽፎበት በደረቅ ቦታ ይቀመጣል። በአዲስ አበባ በ1976 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የዘር ባንክ የሚጠብቀው ሀብትም ብዙው ገበሬዎች በዚሁ መንገድ ከትውልድ ወደ ትውልድ ያቆዩት ነው። ስምንተኛ ክፍል የጨረሰው ተማሪ ወረቀቱን ለሰባተኛ ክፍሉ ሲያስረክብ መደቡ በመስከረም እንደገና ይዘራል።