የከበደውን ቃል ለልጆቻችን እንዴት እናስረዳ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ነሐሴ በሽንፋ ቆላ ሰሊጥ የሚታረምበት ጊዜ ነው። ከደጋ የወረደው ወጣት በዝናቡም በሐሩሩም ጎንበስ ብሎ ሲያርም ይውላል። እስቲ ከእነዚህ ልጆች አንዱን በዓይነ ሕሊናችን እንየው። ማታ በማደሪያው በባትሪ ብርሃን ሐዲስ ኪዳኑን ይገልጣል። ጌታችን፣ አባቱንና እናቱን ያልጠላ ሰው ደቀ መዝሙሩ ሊሆን እንደማይችል የተናገረበት ቦታ ላይ ይደርሳል (ሉቃ. 14፥26)። ልጁ ይደነግጣል። እዚህ ድረስ የወረደው ለእናቱ ብሎ ነዋ! ታዲያ የላቡን ዋጋ ለማን ሊልክ ነው? እሑድ አንድ ታላቅ ሰው ይጠይቃል፤ «አንተ ልጅ፣ አትመራመር! ዝም ብለህ እመን» ይባላል። እርሱም ዝም ይላል። ዝም ያለው ግን ስለ ገባው አይደለም።

ወገኖቼ፣ ይህን ዝምታ እንፍራው። እንዲህ ያለው ልጅ ወይ መጽሐፉን ይዘጋዋል፣ ወይ ቃሉን እንዳነበበው ይዞ እናቱን ይረሳታል። ሁለቱም ጥፋት ነው።

መጽሐፍን በመጽሐፍ

መጀመሪያ ተመሳሳዩን ቦታ አብረን እንግለጥ። በማቴ. 10፥37 ጌታችን ያንኑ ትምህርት ሲያስተምር፣ አባትን ወይም እናትን ከእርሱ አብልጦ ስለሚወድ ሰው ይናገራል። በዕብራውያን አነጋገር አንዱን አብልጦ ሲወዱ፣ ሁለተኛው «ተጠላ» ይባል ነበር። ያዕቆብ ራሔልን ከልያ ይልቅ እንደ ወደደ ይነገረንና፣ በሚቀጥለው ቁጥር ልያ እንደ ተጠላች እናነባለን (ዘፍ. 29፥30-31)። ስለዚህ ነገሩ የማስቀደም ነገር ነው።

ደግሞስ አባትና እናትህን አክብር ያለው ማን ሆነና (ዘፀ. 20፥12)! ጌታችን «ለእግዚአብሔር ሰጥቻለሁ» እያሉ ወላጆቻቸውን የማይረዱትን ገሥጿል (ማቴ. 15፥3-6)። በመስቀል ላይ በዚያ ሁሉ ሕማም ውስጥ ሆኖ እናቱን ለሚወደው ደቀ መዝሙር አደራ ሰጥቷል (ዮሐ. 19፥26-27)። በዚህ በእመቤታችን ጾም፣ እናቱን እንዲህ ያሰበ ጌታ እናትህን ጥላ ይላል ብለን እንዴት እናስባለን?

ነገር ግን ቃሉን አለዝበን ባዶ እንዳናስቀረው እንጠንቀቅ። አባት «የወንድምህን ደም መልስ» ቢለውስ? ያን ጊዜ ልጁ «አባቴ፣ እወድሃለሁ፤ ይህን ግን አላደርግም» ማለት አለበት። በአባቱ ዘንድ እንደ ጠላት ሊቆጠር ይችላል። ቃሉ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። ይህን ክብደት ለወጣቱ ልንደብቀው አይገባም፤ አብረነው እንሸከም እንጂ።

ከፊልጶስ እንማር

ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ትንቢተ ኢሳይያስን እያነበበ ሲሄድ፣ የሚመራኝ ሳይኖር እንዴት አስተውላለሁ ብሎ ጠየቀ። ፊልጶስ አልተቆጣውም። ሠረገላው ላይ ወጥቶ ከጎኑ ተቀመጠ፤ ትምህርቱንም ጃንደረባው ከያዘው ከዚያው ክፍል ጀመረ (ሐዋ. 8፥26-39)። አባቶቻችንም በጎንደር የትርጓሜ ጉባኤ ያደረጉት ይህንኑ ነው። «አንድም» እያሉ አንዱን ቃል በብዙ ወገን ያዩታል፤ የላይ ቤትና የታች ቤት ትርጓሜም ከዚያ የወረሰነው ነው። ደቀ መዝሙሩ ዓመታት የሚቀመጠው ቃሉ የሚከብድ ስለሆነ አይደል? ታዲያ ሊቃውንቱ ዓመታት የደከሙበትን ቃል፣ ልጁ በአንድ ሌሊት ካልገባው ለምን እንቆጣዋለን?

ወላጆችና የሰንበት ትምህርት ቤት መምህራን ሆይ፣ ልጁ ሲጠይቅ መጀመሪያ «ምኑ ከበደህ?» እንበለው። የማናውቀውን «አላውቅም፤ መምህር ጠይቄ እመለሳለሁ» ማለት አያሳፍርም። ከዚያ ግን በእውነት ጠይቀን እንመለስ!

የሰሊጥ አራሚ ከቸኮለ ቡቃያውን ከአረሙ ጋር ይነቅለዋል። የልጅ ጥያቄ አረም የሚመስለን ስንቶቻችን ነን? ቡቃያ ነውና እንንከባከበው።

አንተም ወንድሜ፣ ቃሉ ከብዶህ መጽሐፉን ዘግተህ ከሆነ፣ ዛሬ መልሰህ ግለጠው። በዚህ ሱባኤ ውዳሴ ማርያም ሲተረጎም ተቀምጠህ ስማ፤ ጥያቄህንም ይዘህ ወደ ንስሐ አባትህ ሂድ። ለእናትህም ደውልላት።

የአባቶቻችን አምላክ ማስተዋልን ያድለን፤ የእመቤታችን አማላጅነት አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር ወለወላዲቱ ድንግል ወለመስቀሉ ክቡር አሜን።