መጅና ሞተር

በእጁ ፈጭቶ የሚያድር አንድ የደጋ መንደር ነበር። ከተማ ገብተው ሰው የሆኑ ሦስት የመንደሩ ልጆች «እናቶቻችን እስከ መቼ ወገባቸው ይጉበጥ?» ተባብለው የሞተር ወፍጮ ሊያስገቡ ተማከሩ። አንዱ ሞተሩን ገዛ። ሌላው ድንጋዩን ከሌላ ነጋዴ አመጣ። ሦስተኛው ቺንጋውን በርካሽ አገኘሁ ብሎ ተሸክሞ መጣ።

ዕቃው የገባ ዕለት በሬ ታረደ። «ይህ ኋላ ቀር ድንጋይ ከቤት ይውጣ!» ተባለና አንዷ መጇን የበር መደገፊያ አደረገችው፤ ሌላዋ የዶሮ ቤት መዝጊያ።

ቺንጋው ግን አልገጥም አለ። ሲያጠብቁት ይበጠሳል፤ ሲያላሉት ይወልቃል። ሞተሩን አስነሥቶ የሚያጠፋ አንድ ወጣት ብቻ ነበር፤ እሱም መማር ከጀመረ ገና ወሩ። በዚህ መሀል የሠርግ ዳስ ተጣለ፤ ጤፉ በጆንያ እንደተቆለለ ሙሽራው ሊመጣ ሁለት ቀን ቀረው። አንዲት ባልቴት ከዶሮ ቤቱ መጃቸውን አንሥተው ኩሱን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ «ልጆቼ፣ ሞተሩንስ ማን ጠላ! እሱ እስኪፈጭ መጄን ምን አስጣላችሁኝ?» አሉ። የእጅ ወፍጮው ግን ሳይወቀር ከርሞ ለስልሶ ነበርና ጤፉ በወጉ አልደቀቀም።

ይህን ሳስብ ትዝ የሚለኝ ከዓድዋ እስከ ማይጨው ያለው 40 ዓመት ነው። በ1922 ዓ.ም. የቤልጂግ መኮንኖች ክቡር ዘበኛን ሊያሠለጥኑ መጡ፤ በ1927 ስዊድናውያን የሚያስተምሩበት የሆለታ የጦር ትምህርት ቤት ተከፈተ። የመኳንንቱ ጦር ጉልበት እየተቀነሰ፣ የማዕከሉ ጦር ደግሞ ገና ሳይጎለብት፣ መስከረም 22 ቀን 1928 ጣልያን መረብን ተሻገረ። ክተት ሲታወጅ የአንዱ ጠመንጃ ውጅግራ፣ የሌላው ምንሽር፣ የሌላው ለበን ነበር፤ የአንዱ ጥይት ለጎረቤቱ አይሆንም። እኔ ከጠመንጃ ማነሱ ይልቅ ይህ ያሳዝነኛል።

የመርዝ ጋዙንና አውሮፕላኑን የረሳሁ እንዳይመስላችሁ፤ መሣሪያ እንዳይሸጥልን የከለከሉትንም አልረሳሁም። የሞተሩ ሐሳብም ስሕተት አልነበረም። ግዢው ፈጥኖ፣ ገጣጥሞ የሚያሠራው ሰው ዘገየ እንጂ።

የሆለታ ዕጩ መኮንኖች ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ ጦርነቱ ደረሰባቸው። በዚያው 1928 በወለጋ የጥቁር አንበሳን የአርበኞች ማኅበር ካቋቋሙት መካከል እነሱም ነበሩበት።