የድሆችን ስም የሚጽፈው ማን ነው?



ከአዳማ ተነሥቶ ወደ አሰላ የሚወስደውን መንገድ የያዘ ሰው ብዙም ሳይርቅ በአዋሽ ወንዝ አጠገብ የተቆረቆረችውን መልካሳን ያገኛል። በአካባቢዋ የአዋሽ ውሃ የሚያጠጣው የሽንኩርትና የቲማቲም እርሻ አለ። እ.ኤ.አ. በ1969 የተመሠረተው የእርሻ ምርምር ማዕከልም በዚያው ይገኛል። ውሃና ዕውቀት ባሉበት በዚህ ስፍራ ግን ድህነትም አብሮ ይኖራል። ሽንኩርት ለመንቀል ከሩቅ አገር መጥቶ፣ ከሰው ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይቶ የሚኖር የቀን ሠራተኛ በዐይነ ኅሊናችን እንመልከት። ጤና ሲኖረው ሠርቶ ያድራል። ታሞ የተኛ ዕለትስ ችግሩን ማን ያውቅለታል? ስሙስ በየትኛው መዝገብ ላይ ይገኛል? በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ጥያቄ ይኸው ነው።

በከተሞቻችን የተቸገረ ሰው የሚያንኳኳቸው በሮች በተለይ ሁለት ናቸው፤ አንዱ የመንግሥት፣ ሌላው የጎረቤት። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት ከተቋቋሙ ወዲህ የመንግሥት እጅ በቀበሌ አማካይነት እስከ መንደር ደርሷል። ከቀበሌም አስቀድሞ እድር ነበረ። እድር ድንኳኑን ተክሎ፣ ወንበሩን ደርድሮ፣ ሐዘንተኛውን ሦስት ቀን የሚያስተዛዝን ነው። ሆኖም ወርኃዊ መዋጮውን መክፈል ያቃተው ሰው ከእድር መዝገብ ይሰረዛል፤ ቋሚ ነዋሪነቱ ያልታወቀለትም ከቀበሌ መዝገብ ይቀራል። እንዲህ ከሆነ ከሁሉ ይበልጥ ድሃ የሆነው ሰው ሁለቱም በሮች የተዘጉበት ነው ማለት ነው።

እነዚህ ሁለት በሮች በአንድነት የተከፈቱበት ጊዜ ነበረ። እ.ኤ.አ. በ2016 የከተማ ምግብ ዋስትና ሴፍቲኔት ፕሮግራም በ11 ከተሞች ሲጀመር ከኦሮሚያ የተመረጠችው አዳማ ነበረች። ለፕሮግራሙ ከዓለም ባንክ 300 ሚሊዮን፣ ከኢትዮጵያ መንግሥት 150 ሚሊዮን ዶላር ተመድቦ ከ600 ሺህ በላይ ነዋሪዎችን ለመርዳት ታቀደ። ጉልበት ያላቸው በጽዳት፣ በአረንጓዴ ልማትና በመሳሰለው የአካባቢ ሥራ ተሰማርተው እንዲከፈላቸው፣ አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞችና ሥር የሰደደ ሕመም ያለባቸው ደግሞ ያለ ሥራ ቀጥተኛ ድጋፍ እንዲያገኙ ተደረገ። ስለ ጉዳያችን ይበልጥ የሚያስተምረን ግን የአመራረጡ ሥርዓት ነው። የድሆቹን ስም እንዲያቀርብ የተጠየቀው ከነዋሪዎች መካከል የተውጣጣ ኮሚቴ ነበረ፤ ቅሬታ ያለው ሰው አቤት የሚልበት ሌላ ኮሚቴም ተቋቁሞ ነበር።

ይህ ሥርዓት ጥበብ ያለበት ነው። ጽሕፈት ቤቱ የቤቱን ግድግዳና ጣሪያ ይቆጥራል። ከወላጆቿ ደኅና ቤት ወርሳ በውስጡ ጾሟን የምታድረውን መበለት ግን የሚያውቃት ጎረቤት ብቻ ነው። ይሁን እንጂ የሚያውቅ ሰው ሁልጊዜ እውነቱን ይናገራል ማለት አይደለም። ጎረቤት ዘመድ አለው፤ አበልጅ አለው፤ ይሉኝታ አለው። የወንድሙን ልጅ ስም ሲጽፍ የእንግዳውን ስም ይረሳል። ከዚያም «እኔ የማንንም ገንዘብ አልወሰድኩም» ብሎ በሰላም ይተኛል።

በእውነት አልወሰደምን? እኛስ ወስዷል እንላለን። በዝርዝሩ ላይ ያለው ስፍራ የኮሚቴው አባል ከራሱ ከረጢት አውጥቶ የሚሰጠው ስጦታ ቢሆን ኖሮ ለወደደው መስጠት በቻለ ነበር። ነገር ግን ስፍራው የሁሉ የሆነ፣ ለሚገባው እንዲያደርስ በአደራ የተሰጠው ነው። አደራን ለማይገባው አሳልፎ መስጠት ከስርቆት በምን ይለያል? እንግዲህ እዚህ ላይ የሚጎድለው ርኅራኄ ሳይሆን ፍትሕ ነው።

ይህ ችግር አዲስ አይደለም። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 እንደምናነበው በኢየሩሳሌም በየዕለቱ ይሰጥ ከነበረው እርዳታ የግሪክ ቋንቋ ተናጋሪዎች መበለቶች ተዘለሉ፤ ጉምጉምታም ተነሣ። ሐዋርያት አቤቱታውን አላፈኑትም፤ ሥራውንም ጠቅልለው በእጃቸው አላደረጉትም። ሕዝቡ ራሱ መልካም ስም ያላቸውን ሰባት ሰዎች እንዲመርጥ አደረጉ። የተመረጡት የሰባቱም ስሞች የግሪክ ስሞች ናቸው። ስለዚህ የተዘለሉት ወገኖች ቋንቋቸውንና ቤታቸውን የሚያውቁ ሰዎች በአገልግሎቱ ላይ ተሾሙላቸው ብንል ከእውነት አንርቅም።

ር.ሊ.ጳ. ፒዮስ 11ኛም እ.ኤ.አ. በ1931 ባወጡት ሐዋርያዊ መልእክት፣ ትንሹ ማኅበር ሊሠራው የሚችለውን ሥራ ትልቁ እንዳይነጥቀው፣ ይልቁንም እንዲደግፈው አስተምረዋል። በዚህ ሚዛን ከታየ፣ ዝርዝሩን ለጎረቤት ጥሎ አቤቱታ የማይሰማ የከተማ አስተዳደር ግዴታውን አልፈጸመም፤ «የእኛ ሥራ መቅበር ብቻ ነው» የሚል እድርም እንዲሁ ጎድሏል። ሬሳውን በክብር የምንሸኘው ሰው በሕይወት ሳለ እንጀራ አጥቶ እንደነበረ ብናውቅ ድንኳኑ ምን ይጠቅመዋል?

የከተማ ወሰንም በራሱ አንድ ዝርዝር ነው። አዳማ በተመረጠችበት ጊዜ አሥራ ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው መልካሳ ከአሥራ አንዱ ከተሞች አንዷ አልነበረችም። ገንዘቡ ውሱን ነውና አንድ ቦታ ወሰን ማበጀት ግድ ይሆናል፤ በዚህ ማንንም አንወቅስም። ዳሩ ግን የመንግሥት እጅ ገና ባልደረሰበት ስፍራ የጎረቤት ግዴታ ይበልጥ ይከብዳል እንጂ አይቀልም።

እንግዲህ ከእኛ ምን ይጠበቃል? ብዙዎቻችን የእድር ዳኛ፣ ጸሐፊ፣ የቀበሌ ኮሚቴ አባል ወይም ካቴኪስት ነን። የዘመዳችን ጉዳይ ሲነሣ ከውሳኔው እንውጣ። ዝርዝሩ ከመጽደቁ በፊት በሕዝብ ፊት እንዲነበብ እንጠይቅ። መዋጮ ያቃተውን ከመሰረዛችን በፊት ቤቱ ሄደን እንጠይቀው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላልና የአንድ ሰው መዋጮ ለመላው እድር አይከብድም። ከሁሉም በላይ ስሞቹ ተጽፈው ካበቁ በኋላ «ከዚህ የሌለው ማን ነው?» ብለን እንጠይቅ። ያ ሽንኩርት ነቃይ ተከራይ ስሙን ራሱ መጥቶ አይነግረንም። በሩን አንኳኩተን ስሙን መጠየቅ የእኛ ድርሻ ነው።