ከላይ የሚታየው ደመና

የደመናን ጀርባ ብቻ ያየ ሰው ስለሚዘንበው ዝናብ ምን ያህል ሊናገር ይገባዋል? ጥያቄው የሳይንስ ሰዎች ብቻ ይመስላል። ጠለቅ ብለን ስናየው ግን የአንደበት አማና ጥያቄ ሆኖ እናገኘዋለን።

እኛ ከምድር ቀና ብለን የደመናውን ሆድ እናያለን፤ ሳተላይት የሚያየው ጀርባውን ነው። የመጀመሪያው የአየር ጠባይ ሳተላይት ቲሮስ 1 እ.ኤ.አ. በ1960 ከመጠቀ ወዲህ የሰው ልጅ ይህን ጀርባ ማንበብ ተምሯል። ሌሊት ፀሐይ ስለማትኖር መሣሪያው የሚለካው ሙቀትን ነው። ከፍ ያለና የቀዘቀዘ የደመና አናት በሥዕሉ ላይ ነጭ ሆኖ ይወጣል፤ ዝቅ ያለውና ሞቅ ያለው ግራጫ ይሆናል።

ታዲያ «ነጩ ሁሉ ዝናብ ነው» ማለት ይቻላልን? የኢንዶኔዥያን ደሴቶች ጃቫንና ሱማትራን እንመልከት። ከቀትር በኋላ የብሱ ሲግል ከባሕር እርጥብ አየር ይስባል፤ አየሩም ተራራውን ሲወጣ ታላላቅ ደመናዎች ይቆለላሉ። በላይ ያለው ነፋስ አናታቸውን እንደ ጃንጥላ ይዘረጋዋል። ሥዕሉ ሰፊ ነጭ ያሳያል፤ ከተዘረጋው ጫፍ ሥር ግን ጠብታ የማይወርድበት ብዙ ቦታ አለ።

የሐዋይ ደሴቶች ደግሞ ተቃራኒውን ያስተምራሉ። ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው ነፋስ ዝቅተኛ ደመናን ወደ ተራሮቹ ይገፋል። ይህ ደመና አናቱ በረዶ ሳይሠራ፣ ጠብታ ከጠብታ እየተጋጨና እየተዋሐደ ይዘንባል። በሙቀት ሥዕል ላይ ከባሕሩ ብዙም የማይለይ ግራጫ ነው። ሆኖም በካዋይ ደሴት የሚገኘው የዋያሌያሌ ተራራ ከዓለም እጅግ ዝናባማ ስፍራዎች አንዱ ነው።

ስለዚህ ባለሙያው በአንድ ሥዕል አይፈርድም። ቀደም ሲል የተነሡትን ሥዕሎች፣ ነፋሱን፣ ራዳሩንና በምድር ያለውን የዝናብ መለኪያ ያስተያያል፤ ከዚያም «የመዝነቡ ዕድል ከመቶ ሰባ ነው» ይላል። አንዳንዱ ሰው በዚህ ይስቃል፤ ሌላው ደግሞ «ገይብን ማወቅ ነው» ብሎ ይቆጣል። ሁለቱም አልተገነዘቡትም። ጭስ አይቶ እሳት አለ ያለ ሰው ገይብ አልተናገረም፤ የታየውን ምልክት አነበበ እንጂ። «ከመቶ ሰባ» ማለትም የዕውቀትን ድንበር ማክበር ነው። ድንበሩን የሚያልፈው «ያለ ጥርጥር ይዘንባል» የሚለው ነው።

«ዓሣ አጥማጁ መቶኛ ምን ያደርግለታል? ነፍሱን ለማዳን ቁርጡን መንገር አይሻልምን?» የሚል ሰው ይኖራል። ክርክሩ ቀላል አይደለም። በሱማትራ ምዕራባዊ ዳርቻ ቀን በየብስ ላይ የነበረው ዝናብ ሌሊት ወደ ባሕር የሚወጣበት ጊዜ ብዙ ነውና፣ ጀልባ ላይ ያለ ሰው ሕይወቱ በዚያ ቃል ላይ ሊንጠለጠል ይችላል። ነገር ግን ምክርና ዕውቀት ይለያያሉ። «ዛሬ ሌሊት አትውጡ» ብሎ ምክሩን ማጥበቅ ይቻላል፤ ዕውቀቱን ግን ከልኩ በላይ ማሳበጥ አይገባም። ሦስት ጊዜ በቁርጥ ተነግሮት ሦስቱንም ጊዜ ሰማዩ ጠርቶ ያገኘ ሰው በአራተኛው አይሰማም። በሌላ በኩል ደመናው ሲያድግ እያየ «አላህ ያውቃል» ብሎ ዝም ያለ ባለሙያም አማናውን በልቷል። ኢንሻአላህ የስንፍና መሸፈኛ አይደለችም።

ወላጆች ሆይ! እኛስ በየቤታችን የሰውን ጀርባ አይተን ስንት ጊዜ ፈርደናል? ዝም ያለውን ልጅ ኩሩ፣ ያልጎበኘንን ጎረቤት ጨካኝ ብለናል። ነጭ ሆኖ ርቆ የሚታይ ሁሉ አያዘንብም፤ ማንም ሳያየው ዝቅ ብሎ የሚያጠጣም አለ። ልጃችን ስለ ጓደኛው ክፉ ወሬ ይዞ ሲመጣ «ያየኸው ምንድን ነው? የገመትከውስ?» ብለን እንጠይቀው። ሁለቱን መለየት የለመደ ልጅ ለምስክርነት ይበቃል።

አላህ ያየነውን በልኩ የምንናገር ያድርገን። አሚን።